እግሩን በፈቃዱ ሲሰጣችሁ

በዚህ ዓምድ የምንነጋገረው ብዙ ጊዜ ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ ልጆችና ስለ ቤት ኑሮ ነው። ዛሬም ከቤት አንወጣም። ነገር ግን በር ላይ ቆም ብለን፣ በብዙዎቻችን ግቢ ውስጥ ስላለውና እምብዛም ስለማናወራለት ፍጡር እንነጋገራለን። ስለ ውሻችን! ስለ ድመታችንም ጥቂት እንላለን።

“ደግሞ ስለ ውሻ ምን የሚወራ ነገር አለ?” የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፤ በአገራችን ውሻ የሚታወቀው በጥበቃው ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል፣ ከገበታ የተረፈው ይጣልለታል። ስሙም ከስድብ ቃል ይቆጠራል። ይሁን እንጂ እናንተ ስትተኙ እርሱ ነቅቶ ያድራል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የውሻችሁን እግር አንስታችሁ ያያችሁት መቼ ነው? ጥፍሩ ምን ያህል እንደረዘመ ታውቃላችሁ?

ብዙዎቻችን አናውቅም። ያወቅን ዕለት ደግሞ የምናደርገው አንድ ነገር ነው። አንዱ አንገቱን ያንቃል፣ ሌላው እግሩን ይጨብጣል፣ ሦስተኛው ይቆርጣል። ውሻው ይጮኻል፤ ይደማል፤ አንዳንዴም ይነክሳል። ከዚያ በኋላ እግሩን የሚያስነካ የለም። ይህ ሁሉ ግን ሳይሆን ሊቀር ይችላል። እንዴት እንደሆነ አብረን እንይ።

ጥፍሩ ለምን ይረዝማል?

የውሻ ጥፍር እንደ እኛው ጥፍር ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። በየቀኑ በአስፋልትና በኮብልስቶን ላይ የሚሄድ ውሻ ጥፍሩን መንገዱ ይሞርድለታል። በመካኒሳ ወይም በለቡ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ሜትር ሰንሰለት፣ በለስላሳ አፈር ላይ የሚውል ውሻ ግን ጥፍሩን የሚበላለት ነገር የለም። በጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሴራሚክ ወለል ላይ የሚያድግ ትንሽ ውሻም እንዲሁ ነው። ያረጀና ብዙ የማይንቀሳቀስ ውሻም ጥፍሩ ቶሎ ይረዝማል።

መርዘሙን የምታውቁበት ቀላል መንገድ አለ። ውሻው በሲሚንቶ ወይም በሴራሚክ ላይ ሲራመድ “ቀጭ ቀጭ” የሚል ድምፅ ከተሰማችሁ ጥፍሩ ረዝሟል ማለት ነው። ቀጥ ብሎ በቆመበት ጊዜም በጥፍሩና በወለሉ መካከል አንድ ወረቀት ማለፍ መቻል አለበት። ጥፍሩ መሬቱን የሚነካ ከሆነ በእያንዳንዱ እርምጃ ጣቱ ወደ ላይ ይገፋል። ያ ሲደጋገም ውሻው አረማመዱን ይለውጣል፤ ጣቱንና መገጣጠሚያውንም ያመዋል። “ሰነፈ” የምንለው ውሻ አንዳንድ ጊዜ እግሩን ያመመው ውሻ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ደግሞ የጎን ጥፍሩ ነው። ከፊት እግሩ ውስጠኛ ጎን፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ እንደ አውራ ጣታችን ያለችውን ጣት ተመልከቱ። እርሷ መሬት ስለማትነካ ጥፍሯ በራሱ አያልቅም። እንደ ቀለበት ዞሮ ተመልሶ ሥጋው ውስጥ ሊገባና ሊያመግል ይችላል። በጸጉር ስለምትሸፈን ማየት ብቻ ሳይሆን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። አንዳንድ ውሾች በኋላ እግራቸውም ይህ ጥፍር አላቸው።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

እኛ የራሳችንን ጥፍር ስንቆርጥ አያመንም። ታዲያ ውሻው ለምን ይጮኻል? ምክንያቱ ይህ ነው። በውሻ ጥፍር ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ። ከጣቱ ተነሥቶ በጥፍሩ መካከል ወደ ጫፉ ይዘልቃል። ከዚያ ሥጋ ወዲያ ያለውን ጫፍ ብትቆርጡ ምንም አይሰማውም። ሥጋውን ከነካችሁት ግን በጣም ያመዋል፤ ይደማልም።

ጥፍሩ ነጭ ከሆነ ይህ ሥጋ ወደ ብርሃን ሲያዩት ሮዝ መስሎ ይታያል። ከእርሱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ብትቆርጡ ደኅና ናችሁ። በብዙ ውሾቻችን ላይ እንደምናየው ጥፍሩ ጥቁር ከሆነ ግን ሥጋው ከውጭ አይታይም። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ አትቁረጡ። ከጫፉ ስስ ስስ እያደረጋችሁ ግፈፉና በየጊዜው የተቆረጠውን ፊት ተመልከቱ። መጀመሪያ ደረቅና ነጣ ያለ ይሆናል። መካከሉ ላይ ጠቆር ያለ ወይም ግራጫ ነጥብ ብቅ ሲል ሥጋው ቀርቧል ማለት ነውና እዚያው አቁሙ።

አንድ መልካም ዜና አለ። ለረጅም ጊዜ ሳይቆረጥ የቆየ ጥፍር ውስጥ ያለው ሥጋም አብሮ ይረዝማል። በአንድ ቀን አሳጥረዋለሁ ብትሉ መድማቱ አይቀርም። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ብትቆርጡለት ግን ሥጋው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ የሁለት ዓመት ጥፍር በሁለት ደቂቃ አያልቅም፤ በትዕግሥት ግን ያልቃል።

ከመቀሱ በፊት ልምምድ

ትልቁ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ውሻው የሚፈራው መቁረጫውን ብቻ አይደለም። በኃይል መያዝንም ይፈራል። እግሩን በፈቃዱ እንዲሰጣችሁ ከፈለጋችሁ ከአንድ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ አለማምዱት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትከሻውን፣ ከዚያም እግሩን እየዳበሳችሁ አንዲት ትንሽ ቁራሽ ሥጋ ስጡት። መቁረጫ አታሳዩት። እግሩን መነካቱን ሲለምድ መዳፉን ለአንድ ሰከንድ ያዙና ልቀቁ፤ አሁንም ሥጋ ስጡት። ቀስ በቀስ የመያዣውን ጊዜ አስረዝሙ። ከዚያ መቁረጫውን መሬት ላይ አስቀምጡና ያሽትተው። በቀጣዩ ቀን ሳትቆርጡ በመቁረጫው ጥፍሩን ንኩ። ድምፁን እንዲለምድም በአጠገቡ ቀጭን እንጨት ቁረጡ። ይህን ሁሉ ሳይፈራ ካለፈ አንድ ጥፍር ቁረጡና አቁሙ። አዎን፣ አንድ ጥፍር ብቻ! ነገ ሌላ ቀን ነው። በቀን አንድ ጥፍር ብትቆርጡ እንኳ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ይዳረሳል።

እዚህ ላይ ስለ ሥጋው አንድ ነገር ላንሳ። በቄራና በአካባቢው ላለን ሰዎች ሳንባና ጉበት በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን ለውሻ ጥሬውን አትስጡ። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይታያል። ውሻ ያንን ጥሬውን ሲበላ በአንጀቱ ውስጥ ትንሽ የኮሶ ትል ዓይነት ያድግበታል። እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ወደ ሰው እጅና አፍ አልፎ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ እብጠት ያመጣል። ስለዚህ እብጠት የታየበትን አስወግዱ፤ ሌላውን በደንብ ቀቅሉ። ውሻውን ከነካችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

የፍርሃቱንም ቋንቋ እወቁ። ምንም ሳይበላ ከንፈሩን የሚልስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣ የሚያዛጋ፣ ፊቱን የሚያዞር፣ ጆሮውን ወደ ኋላ የሚያስተኛ፣ ጭራውን ከሥሩ የሚወሽቅ፣ የዓይኑ ነጭ የሚታይ ውሻ “በቃኝ” እያላችሁ ነው። ካልሰማችሁት ያጉረመርማል። ስላጉረመረመ አትምቱት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ሲያጉረመርም የሚመታ ውሻ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል። አቁሙና አሳርፉት፤ በሌላ ቀን ከቀለለው ደረጃ ጀምሩ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃና አቆራረጡ

ለውሻ ተብሎ የተሠራ የጥፍር መቁረጫ በአንዳንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫዎች ይገኛል። ለቡችላና ለድመት የሰው ጥፍር መቁረጫ ይበቃል፤ ለብቻው ይቀመጥ እንጂ። ስለቱ የደነዘዘ መቁረጫ ጥፍሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይጨፈልቀዋል፤ ሕመሙም ከዚያ ነው። ምላጭ፣ ፒንሳና የወጥ ቤት ቢላዋ ፈጽሞ አይሆኑም። ጫፉን የምታለሰልሱበት ሞረድ ካላችሁ መልካም ነው።

ብርሃን ባለበት ሰዓት፣ ውሻው ተራምዶና ደከም ብሎ ሲመለስ፣ ግቢው ጸጥ ሲል ጀምሩ። እንግዳ በሚመጣበት ወይም ልጆች በሚሯሯጡበት ሰዓት አይሁን። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ከሆነ ምንጣፍ ወይም ማዳበሪያ አንጥፉ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ይቀላል። ውሻው ይበልጥ የሚወደው ሰው በጭንቅላቱ በኩል ተቀምጦ ያነጋግረው፣ ሥጋም ይስጠው። ሁለተኛው በጎኑ ተቀምጦ ይቁረጥ። እግሩን ወደ ጎን አትጎትቱ፤ በተፈጥሮ በሚታጠፍበት አቅጣጫ ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ጣቱን በቀስታ ያዙና በጣቶቹ መካከል ያለውን ጸጉር ወደ ኋላ አድርጋችሁ የጥፍሩን ጫፍ ብቻ፣ በጥፍሩ ጥምዝ መሠረት ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። የጎን ጥፍሩን አትርሱ። ከዚያ በኋላ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ መመልከት ይበቃል።

መቁረጫውን ጨርሶ እንቢ ለሚል ውሻ ሌላ ዘዴ አለ። ግማሽ ሜትር በሚያህል ጣውላ ላይ አናጢዎች እንጨት የሚያለሰልሱበትን የብርጭቆ ወረቀት ለጥፉ። ጣውላውን ዘንበል አድርጋችሁ ያዙና ውሻው በፊት እግሩ ሲቧጥጠው ሥጋ ስጡት። ጨዋታ መስሎት ጥፍሩን ራሱ ይሞርዳል። ይህ ግን የፊት እግሩን እንጂ የጎን ጥፍሩን አይደርስም።

ቢደማስ?

አትደንግጡ። ጩኸት ውሻውን ይበልጥ ያስፈራዋል። በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ሳታነሡ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። በቤት ያለ ንጹሕ የበቆሎ ወይም የስንዴ ዱቄት ጫፉ ላይ መጫንም ደሙን ለማቆም ይረዳል። ጨው፣ ቡና፣ በርበሬና አረቄ አታድርጉበት። ዕለቱን ጭቃ ውስጥ እንዳይገባ ጠብቁት። ደሙ በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልቆመ፣ ጥፍሩ ከሥሩ ከተሰነጠቀ ወይም ጣቱ ካበጠና ከሸተተ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

የሰው ማስታገሻ ክኒን ከመስጠትም ተጠንቀቁ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ አይቡፕሮፌንም ውሻን ይመርዛል። “ዝም እንዲል” ብሎ መጠጥ ወይም የሰው የእንቅልፍ መድኃኒት መስጠትም አደገኛ ነው። ማስተኛት ካስፈለገ ያንን የሚያደርገው ሐኪም ነው። የእንስሳት ሕክምና በአገራችን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከእ.ኤ.አ. 1979 ጀምሮ ሐኪሞችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። ስለዚህ “ለውሻ ደግሞ ሐኪም?” አንበል።

ድመት ላላችሁ

ድመት ጥፍሯን ወደ ውስጥ ስለምትሸሽግ ጫፉ እንደ ውሻ መሬት ላይ አይፋቅም። ብዙውን ጊዜ በፊት እግሮቿ አሥር፣ በኋላ እግሮቿ ስምንት ጥፍሮች አሏት። በእንቅልፍ ስሜት ላይ ሳለች በጭናችሁ አስቀምጧትና ጣቷን ከላይና ከታች በቀስታ ጫን በሉ፤ ጥፍሩ ብቅ ይላል። ሹል የሆነውን ጫፍ ብቻ ቁረጡ። ዛሬ ሁለት፣ ነገ ሁለት ይበቃል። የምትፍጨረጨረውን ድመት በኃይል አትያዙ። ከቤት ውጪ የምትውል፣ አይጥ የምታድንና ዛፍ የምትወጣ ጤነኛ ድመት ጥፍሯ ያስፈልጋታልና እምብዛም መቁረጥ አይኖርባችሁም። ስታረጅ ግን ጥፍሯ ወፍሮ መዳፏ ውስጥ ሊገባ ይችላልና ተመልከቱላት። ሶፋውን እንዳትቧጭር ደግሞ በወፍራም ገመድ የተጠቀለለ እንጨት አቁሙላት።

ከሁሉ በፊት ክትባቱ

ወደ ውሻው እግር ከመቅረባችሁ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ አለ። ተከትቧል ወይ? የእብድ ውሻ በሽታ በከተማችን አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ ወረርሽኙ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1903 ነው። ከዚያ 18 ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1885፣ ሉዊ ፓስተር በፈረንሳይ ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ታድጎት ነበር። ነዋሪው ዛሬም “ፓስተር” ብሎ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ስሙን ያገኘው ከዚህ ሰው ነው። በየዓመቱ ሴፕቴምበር 28 ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በመስቀል በዓል ማግስት፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ይታሰባል። ዕለቱ ፓስተር ያረፈበት ቀን ነው። የውሻችሁን ዓመታዊ ክትባት በዚያ ሰሞን ብታደርጉት ቀኑን አትረሱትም።

በሽታው የሚተላለፈው በንክሻና ምራቅ በነካው ቁስል ነው። ውሻ እግሩን ይልሳል፤ ስለዚህ ቧጨራም ቀላል አይደለም። ውሻ ወይም ድመት ቢነክሳችሁ ወይም ቢቧጭራችሁ ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የባህል መድኃኒት ፍለጋ ቀን አታባክኑ። በሽታው ምልክቱን አንዴ ካሳየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ በጊዜው ከተወሰደ ግን ያድናል። ልጆቻችሁም “ውሻው ቧጨረኝ” ለማለት እንዳይፈሩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ቁጣ ፈርቶ የደበቀ ልጅ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የማታውቁትን የመንገድ ውሻ ግን እግሩን ልንከባከብ ብላችሁ አትንኩ።

ልጆቻችን ምን ያያሉ?

ውድ ባልና ሚስት፣ ይህ ሥራ የማን ነው? በብዙ ቤት “ውሻውን ያመጣኸው አንተ ነህ” እና “የምታበይው አንቺ ነሽ” በሚል ክርክር መካከል ጥፍሩ ይረዝማል። በመጨረሻም ሥራው ለዘበኛው ወይም ለሠራተኛዋ ይጣላል። ሠራተኛዋ ውሻ የምትፈራ ልጅ ከሆነች ደግሞ እንቢ ማለት አትችልም፤ ብትነከስም የምትነከሰው እርሷ ናት። ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ተነጋገሩና ወስኑ። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አንዱ ይያዝ፣ ሌላው ይቁረጥ። የፈራ ሰው “ፈራሁ” ቢል አይሳቅበት፤ ሥጋውን እየሰጠ ይርዳ።

ልጆችም ራቅ ብለው ይመልከቱ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚያዩት ጥፍር ሲቆረጥ ብቻ አይደለም። ጉልበት ያለው ሰው ጉልበት የሌለውን እንዴት እንደሚይዝ ያያሉ። አባት ውሻውን በርግጫ አስተኝቶ ሲቆርጥ ያየ ልጅ አንድ ነገር ይማራል። አባት እንስሳው ሲፈራ መቁረጫውን አስቀምጦ “እሺ፣ ነገ እንቀጥላለን” ሲል ያየ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ይማራል። ይህ ልጅ ነገ ታናሽ እህቱን፣ ከነገ ወዲያ ሚስቱን በሚይዝበት ጊዜ ያየው ነገር አብሮት ይኖራል።

እንግዲህ ዛሬ ማታ መቁረጫ ፍለጋ አትውጡ። ውሻችሁ አጠገብ ተቀመጡ፤ ትከሻውን ዳብሱ፤ ጥቂት የተቀቀለ ሥጋ ስጡት። እግሩን ብትነኩትና ባይሸሽ ለዛሬ ይበቃችኋል። የተቀረው በየቀኑ ይመጣል።